እርሳስ

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጨለማው ሲገባ፣ ጨለማው ሲወጣ፣
የመጻሕፍት ጀልባ ከቦዶ ተነሥቶ ወደኛ ሲመጣ፣
አርባ ሦስት ነን እኛ፣ በጎቹን ሳይጨምር፤
ሁላችን እንወርዳለን ወደ ድንጋዩ ወደብ፣ ጫማችን ሳይታሰር።
ቄሱ ስለ ንብ ይወስዳል፣ የሃልዶር ሚስት ስለ ሹራብ፤
እኔ ግን ሬሳ ነው የማነሣ፣ ከበረዶ በታች፣ ከሐይቅ ዳር፣ ከመርከብ።

ኢንስፔክተር ሞልስታ፤ አሥራ ስድስት ቅጽ ሙሉ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ፤
ሚስቱ የፈታችው፣ ልጁ የማትደውል፣ ጨጓራው ጠላቱ።
በአሥራ አንደኛው ቅጽ ጡረታ ወጣ ብለው ኬክ ቆርሰውለት ነበር፤
በአሥራ ሁለተኛው «ሰው ሞቷል» ሲሉት ካፖርቱን ደረበ፣ ያው የድሮው ነገር።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ገጽ አንድ ላይ ውሻ ይጮኻል፤
ገጽ ሦስት ላይ እጅ ከበረዶ ይወጣል፤
አለቃው ይቆጣል፣ ሞልስታ ሾርባውን ቆሞ ይጠጣል፤
መሐል ላይ ውሉ ይጠፋበታል፤
መጨረሻው ላይ አንድ ደህና ሰው፣ አንድ ጎረቤት፣ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።
ይኸው ነው። ቢሆንም ፀሐይ በማትወጣባቸው ሳምንታት
ምራቄን ውጬ እገልጣለሁ፣ እንደ አዲስ ደብዳቤ፣ እንደ ምሥራች ወረቀት።

ታዲያ በአምስተኛው ቅጽ፣ ገጽ ሠላሳ ላይ፣ ከኅዳጉ ጥግ፣
በእርሳስ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ገዳዩ ዓሣ ነጋዴው ነው።» እንዴት ያለ ወግ!
መጽሐፉን ዘጋሁት። ሟቹ ሁለት ሆነ፤
ያም ይህም በእርሳስ፤ አንዱ ሐይቅ ዳር ወድቆ፣ አንዱ ጭኔ ላይ ባከነ።
ሌሊቱን ግን አልቻልኩም። ተነሥቼ ጨረስኩት።
ገዳይዋ መድኃኒት ቀማሚዋ! እጄን ባፌ ጫንኩት።

በስድስተኛው «ሾፌሩ ነው» አለ፤ ሾፌሩ ገና ገጽ መቶ ላይ ሞተ።
በሰባተኛው «መቃብር ቆፋሪው»፤ እሱ ምስኪን ጉድጓድ ሲምስ አመሸ፣ ምንም አልዶለተ።
ዘወትር ውሸት ነው። ዘወትር ከገጽ ሠላሳ አያልፍም።
እርሳሱ ይዋሻል፤ እኔም እያወቅኩ ከመጠርጠር አልተርፍም።

ማነው? ሞልስታ እንዳስተማረኝ የመዋሻ ካርዱን መረመርኩ።
ከኔ በፊት ሁልጊዜ አንድ ሰው፤ ቀኑን የጻፈበትን እጅ አጠናሁ፣ አነጻጸርኩ፤
ሰባት ቁጥርን ወገቧ ላይ መቀነት የሚያስታጥቃት
በዚህ ደሴት አንድ ነው።
ኤይለርት። ወንድሜ። የናቴ ልጅ፣ የቅርብ ሩቅ ጎረቤት።

ያባታችን የጀልባ ቤት፣ የኔ ይሁን የሱ፣
ውሉ ሳይገኝ ቀርቶ፣ ቃል ተወራወርን፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፉ፣ ገሠገሡ።
ቤተ ክርስቲያን እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ እንቀመጣለን፤
ቀብር ላይ እንኳ በየፊናችን አፈር እንጥላለን።

ልጅ ሆነን፣ ስጦታ ሳይከፈት ወረቀቱን እየዳበስኩ
ምን እንደሆነ እናገር ነበር፣ ደስታዬን በገዛ ጣቴ እያፈረስኩ።
እሱ ነበር ሣጥኑ ውስጥ ድንጋይ ጨምሮ፣ ሽቦ ጨምሮ የሚያሳስተኝ፤
«ትንሽ ሳታውቂ ቆዪ፣ ቦርጊልድ» የሚለኝ።

ዘንድሮ አሥራ ሰባተኛው መጣ። ሞልስታ ዛሬም ሃምሳ ሦስት።
ውሻው ጮኸ። እጅ ወጣ። ገጽ ሠላሳ፦ ንጹሕ ወረቀት።
አርባን አየሁ፣ ሃምሳን፤ እስከ ሽፋኑ ገለበጥኩት፤
ካርዱ ላይም ከኔ በፊት ማንም የለበት።

ቡት ጫማዬን አጠለቅሁ፤ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ከተትኩ።
ወደዚያ በር የሄደ ዱካ አልነበረም። በረዶውን አየሁ፣ ቀናቱን ቆጠርኩ።
አንኳኳሁ። ወለሉ ላይ የዱላ ድምፅ። በሩ ተከፈተ።
ዓይኑ ነጭ ደመና ለብሶ፣ ከትከሻዬ በላይ ሰው ፈለገ፣ ሳተ።

«ማነው?» አለ።
ከአፌ የወጣው ስሜ አልነበረም፤ «ገጽ ሠላሳ ላይ ገዳዩ ማነው?» አልኩት።
ዝም። ጣቶቹ ሽፋኑን አገኙት፤ ጠርዙን፣ ጀርባውን፣ ውፍረቱን ለኩት።
«ገና አላወቅኩም» አለኝ።
«እስኪ አንብቢልኝና እዋሽሻለሁ።»